ግፊት የተባለው ቧንቧ ሠራተኛና የአማቱ ድመት

ሰፈሩ «ግፊት» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ቀርቷል፤ ሰው አፍ ላይ ያለው ይሄኛው ነው። የወጣለትም በሥራው ሰበብ ነው። ውሃው ለምን ላይኛው ፎቅ አይደርስም ቢሉት «ግፊቱ ነው» ይላል። ማሞቂያው ለምን ይጮሃል ቢሉት «ግፊቱ ነው» ይላል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ አንድ ቀን ሊያሾፍበት ብሎ፣ ሚስቴ ካኮረፈችኝ ሰንብታለች፣ ምን ይሻለኛል ቢለው፣ እሱ የምሩን አሰብ አድርጎ «ግፊቱን ቀንስ» አለው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተለጥፎበት ቀረ።

ረጅም ነው። ግን ዕድሜውን በሙሉ እቃ ማጠቢያ ሥር ሲገባና ሲወጣ ስለኖረ ቆሞም ጎንበስ ያለ ይመስላል። የሱሪው ጉልበት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሰው የሚወደው ሥራውን እንደጨረሰ ጥሎ ስለማይሄድ ነው፤ ወለሉን ሳይወለውል፣ ያነሳውን ዕቃ ቦታው ሳይመልስ ከቤት አይወጣም። ደግሞ ግድግዳ አይወድም፣ ማፍረሱን ማለቴ ነው። ሌላው ባለሙያ መዶሻ በሚያነሳበት ቦታ እሱ ከላይ በኩል ውሃ ይሞላና ይገፋል። ደጋግሞ ይገፋል። የተደፈነው ቆሻሻ አንድ ጊዜ ጉርጉር ይልና ይሄዳል። «ውሃ የዘጋውን ውሃ ይከፍተዋል» የሚል እምነት ነበረው። ይህ እምነት በብረት ላይ አሳፍሮት አያውቅም።

ያልተከፈተለት አንድ ነገር የአማቱ አፍ ብቻ ነበር።

አማቱ ጡረታ የወጡ የስልክ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ዘመናቸውን ሁሉ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ሲያገናኙ ኖረው፣ ከአማቻቸው ጋር ግን መስመሩን ቆርጠውታል። ጥፋቱ የእሱ ነው። ወደ ልጃቸው ቤት ጠቅልለው የገቡ ዕለት፣ ልብሳቸውን ገና ሰቅለው እንደጨረሱ፣ ከቁም ሣጥናቸው ጀርባ ያለው ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ሰማሁ ብሎ ሣጥኑን ሳያስፈቅድ በታተነው። ቧንቧው እውነትም ያንጠባጥብ ነበር። አስተካከለው፣ ሣጥኑንም መልሶ ገጠመው፤ ያውም ከበፊቱ አጥብቆ። እሳቸው ግን ልብሳቸው አልጋ ላይ ተከምሮ ባዩበት ሰዓት የዘጉትን አፍ አልከፈቱም። ልበ ደግ ነው፣ ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል ብለው ለልጃቸው ነገሯት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለውም ጨመሩበት።

ታዲያ በአንድ ቤት እየኖሩ ጭራሽ አለመነጋገር አይቻልምና፣ ወሬው በድመቱ በኩል ማለፍ ጀመረ። ድመቱ ሻምበል ይባላል፤ ነጭ ደረትና ጥቁር ጢም ያለው፣ ሲራመድ ሰልፍ የሚጎበኝ የሚመስል ወንድ ድመት ነው። አማትየው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሻምበል፣ መስኮቱን ክፍት የተወው ማነው በለው ይላሉ። እሱም ጎንበስ ብሎ፣ ሻምበል፣ አሁን እዘጋዋለሁ በልልኝ ይላል። ሚስቱ መጀመሪያ ታዝን ነበር፣ በኋላ ሳቀች፣ በመጨረሻ ለመደችው። ሻምበል ግን ሥራውን በትጋት ይሠራ ነበር፤ የሁለቱንም እግር እኩል ያሻሽ ነበር። ግፊት አንዳንድ ጊዜ አማቱ ሳያዩ ድመቱን ደረቱ ላይ ያስተኛውና፣ ይህ እንስሳ ባይኖር በዚህ ቤት ማን ያናግረኝ ነበር ብሎ ያስብ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ሚስቱ የታመመች ባልደረባዋን ልትጠይቅ ወጥታለች። ሻምበል የሚጸዳዳበት አሸዋ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ቁጭ ይላል፣ ያምጣል፣ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይገባል። አማትየው ከወንበራቸው ሆነው አዩትና ሆዱ ደርቆበት ነው አሉ፤ ዘይት ቢጤ ቢሰጠው ይለቀዋል ብለው ለድመቱ ነገሩት። ግፊት ሣጥኑ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። አሸዋው ደረቅ ነበር። ጣቱን ሰዶ አገላበጠው፤ ከትናንት የተረፈ የረጠበ ነገር አንድም የለም። የደረቀው ሆዱ አይደለም፣ ሽንቱ ነው የተዘጋው ሲል አሰበ። እዚህ ድረስ ልክ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን እምነቱ ቀደመው። አማትየው ልብስ ሊያሰጡ ሰገነት ሲወጡ፣ ለእሳቸው እንኳ ሳይነግር፣ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ፈልጎ ውሃ ሞላና በድመቱ ጉንጭ በኩል ቀስ እያለ ጨመረለት። ቆይቶ ደገመው። ቆይቶ ደግሞ ሠለሰው። ሻምበል በመጀመሪያ ታገለ፣ በኋላ ዋጠ። ግፊት እጁን እየጠራረገ፣ አሁን ከላይ ግፊት አግኝቷል፣ ይለቀዋል ብሎ ደስ አለው። አማቱ ሲወርዱ አንድ ቃል አልነገራቸውም። ሲለቀው በራሱ ያዩታል ብሎ ነው።

ወደ ምሳ ሰዓት ግን ሻምበል አስመለሰው። ከዚያ ሶፋው ሥር ገባና፣ ከድመት ሰምተውት የማያውቁትን፣ ከሆድ ሥር የሚወጣ የጎረነነ ድምፅ አሰማ። ግፊት በሆዱ ተኝቶ እጁን ሰደደ፣ ጎተተው፣ ሆዱን ዳሰሰው። ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት እንደ ብርቱካን የጠጠረ ነገር እጁን ሞላው። ያኔ ነገሩ ገባው። ሞልቶ መውጫ ያጣ ጋን ምን እንደሚመስል የሱን ያህል የሚያውቅ ሰው የለም። «እማማ፣ ፎጣ ይዘው ይምጡ» አለ። በድመቱ በኩል አላለም። እሳቸውም በድመቱ በኩል አልመለሱም፤ ፎጣውን ይዘው መጡ።

በሥራ መኪናው፣ በመፍቻና በቱቦ መሐል፣ ሻምበልን በልብስ ቅርጫት አድርገው ወደ እንስሳት ሕክምናው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አማትየው ቅርጫቱን ጭናቸው ላይ በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት። እሱ መሪውን እንደ መፍቻ ጨብጦ ነበር የሚነዳው።

ተረኛዋ ሐኪም ፀጉሯን ባጭሩ የተቆረጠች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ወጣት ሴት ነች። እንግዳ መቀበያው ውስጥ አንድ የታክሲ ሹፌር ያረጀች ውሻውን የሕፃን ዳይፐር አልብሶ ተቀምጦ ነበር፤ ስትተኛ ሽንቷ ያመልጣታል፣ ለመድኃኒቷ ነው የመጣነው አላቸው። ቅርጫቱን ባየ ጊዜ ግን ተራውን ሳይጠየቅ ለቀቀላቸው። ሐኪሟ ድመቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ሆዱን በሁለት እጇ ያዘችው። ወንድ ነው ወይ አለች፤ አዎ አሏት። ከመቼ ጀምሮ ነው አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከትናንት ማታ አሏት። ከዚያ ማደንዘዣ መድኃኒት እየቀዳች፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ ዛሬ በአፉ የገባ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

አማትየው ምንም እንዳልገባ መለሱ። ዘይት እንኳ አልሰጠሁትም፣ ምግቡንም ከትናንት ጀምሮ አልነካውም አሉ።

ግፊት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የውሻ አጥንት ሥዕል ሲያይ ነበር። ዝም ቢል ያልፋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሐኪሟ ለመልሱ አልጓጓችም፣ አማቱም የለም ብለው መልሰውላታል። ጎንበስ ያለው ትከሻው ይበልጥ ጎነበሰ።

«ውሃ ሰጥቼዋለሁ» አለ። «ብዙ። በስሪንጅ።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «ለምን?»

«የዘጋውን ይገፋዋል ብዬ።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቧንቧ።»

በከንፈሯ ጫፍ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣና ጠፋ። «እንግዲያው ለማስረዳት አልቸገርም። መውጫው ከታች ተዘግቷል። ከላይ የጨመርከው የት ይሄዳል?»

«ወደ ኋላ።»

ወደ ኩላሊቱ እንደሆነ ነገረችው። ሽንት ይዞት መውጣት የነበረበት መርዝም ወደ ደሙ ይመለሳል፤ እሷ ከሁሉ በላይ የምትፈራው ለልቡ ነው። ከዚያ የቀዳችውን መድኃኒት አስቀመጠችና ሌላ አዘጋጀች፤ አካሄዷን ቀየረች። ሆዱ ውስጥ ውሃ እንዳለ ሳታውቅ ብታደነዝዘው፣ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ሊገባ ይችል ነበር። «መስጠትህ ጎድቶታል» አለችው፣ «መናገርህ ግን ጠቅሞታል።» ከዚያ በር ዘጋችባቸው።

ውጭ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የታክሲ ሹፌሩ ውሻውን ይዞ ሄዷል። ግፊት የሚመጣበትን ይጠብቅ ነበር። ቁም ሣጥን ስለፈታ ዓመታት የተዘጋ አፍ፣ ድመት ለገደለ ምን ያህል ይዘጋል ብሎ ያሰላስል ነበር። አማትየው የፎጣውን ጫፍ ያጥፋሉ፣ ይፈታሉ፣ ያጥፋሉ።

«ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ሻምበል ያውቃል» አላቸው።

አማትየው ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ትከሻቸው ግን አንድ ጊዜ ንቅንቅ ሲል አየ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየውም፣ ሊጠይቅም አልደፈረም።

ሻምበል አልሞተም። ሐኪሟ በቀጭን ቱቦ ከታች ወደ ላይ እየገባች፣ በጥቂት ውሃ እያጠበች፣ መንገዱን የደፈነውን ደቃቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ወደ ፊኛው መልሳ ካስገባች በኋላ የተጠራቀመው ወጣ። ደም የቀላቀለ ነበር። ጉሉኮስ ተተክሎለት ቀናት እዚያው ከረመ። ግፊት ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ በመስታወቱ ያየዋል። አንድ ቀን ሐኪሟን፣ ለመሆኑ አንቺም ከተቃራኒው በኩል ነው የገፋሽው አይደል ብሎ ሲጠይቃት፣ አዎ፣ ግን በጣም ቀስ ብዬ፣ ሊቀደድ እንደሚችል እያወቅኩ አለችው። ይህን መልስ ለብዙ ጊዜ ሲያኝከው ኖረ።

ድመቱ ወደ ቤት ሲመለስ ሐኪሟ አስጠንቅቃቸዋለች። ይህ በሽታ ተመላሽ ነው። ደረቁ ምግብ ይቅር፣ የታዘዘለት እርጥቡ ይሁን፤ ውሃ ወዶ እንዲጠጣ ይደረግ፣ ተገዶ ሳይሆን፤ ሣጥኑ ንጹሕ ይሁን፤ ቤቱ ረብሻ አይኑርበት። ግፊት ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ወሰደው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ቧንቧ አንዴ ከተጠገነ አያስታምሙትም። አሁን ግን ማስታመም ተማረ። ምግቡን በለብ ያለ ውሃ ያቀጥንለታል። በየክፍሉ ሰፋ ሰፋ ያለ የውሃ ሳህን አስቀመጠ፤ ድመቱ የቱን እንደሚወድ በማየት የተናቀውን ያነሳል። ጠዋት ጠዋት ሣጥኑን ሲያጸዳ የረጠበውን አሸዋ ጓል ያነሳና ያያል፤ ሎሚ ካከለ ፊቱ ይፈታል፣ ለውዝ ካከለ ቀኑን ሙሉ ይከፋል። ቁርስ ላይ ይህንኑ ለሚስቱ ሊያወራ ሲጀምር፣ እሷ ዳቦዋን ይዛ ወደ ሌላ ክፍል ትሄዳለች።

ከሁሉ የገረመው ግን የመታጠቢያ ቤቱ ነገር ነው። ሻምበል የሚንጠባጠብ ውሃ እንደሚወድ ግፊት ደረሰበት፤ ከሳህን ይልቅ ከቧንቧ አፍ ሲልስ ብዙ ይጠጣል። ስለዚህ ይህ ከጠብታ ጋር ሲጣላ የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ የቧንቧውን ጎማ አውጥቶ ሆን ብሎ እንዲያንጠባጥብ አደረገው። ወሬው ሰፈር ገባ። የቧንቧ ሠራተኛ ቤት ያፈሳል ተባለ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኞቹ ፊት፣ ቧንቧ ሠሪ የሚጠራልህ አጥተህ ነው ወይ አለው። ግፊት፣ ደንበኛዬ እንዲህ እንዲሆን ስለፈለገ ነው ብሎ መለሰና ሄደ። አማትየው ደግሞ፣ ጠብታ ሲሰሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት፣ ስለዚህ ቧንቧ ክፉ ቃል አልወጣቸውም።

ያው ፀጉር አስተካካይ ብዙም ሳይቆይ ድምፁን ቀንሶ መጣ። ውሻው ቶሎ ቶሎ እየወጣች ጠብታ ጠብታ ብቻ እንደምትሸና፣ ያም ደም ደም እንደሚል ነገረው። የድሮው ግፊት ቢሆን መልሱ የታወቀ ነበር። አሁን ግን ዛሬውኑ ወደ ሐኪሟ ውሰዳት፣ ስትሄድም ሽንቷን ይዘህ ሂድ አለው። ሰውየው ስኒ ይዤ ልለምናት ወይ ቢለው፣ ግፊት ጠፍጣፋ ቆርቆሮ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በይዶ ሰጠው፤ ስትቀመጥ ከሥሯ እንዲያስገባው። ፀጉር አስተካካዩ ዘንጉን ይዞ ከውሻው ኋላ ሲከተል ሰፈሩ ሳቀበት። ውሻዋ ግን የፊኛ ቁስለት ተገኝቶባት፣ መድኃኒቷን ወስዳ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ሰዎች የድመታቸውንም የውሻቸውንም ነገር ለግፊት ያዋዩት ጀመር። እሱ ለሁሉም፣ እኔ የማውቀው የብረቱን ነው እያለ ወደ ሐኪሟ ይልካቸዋል፤ አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል፦ ወንድ ድመት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ምንም ካልወጣው ነገ አትበሉ።

ቢሆንም ሐኪሟ እንደፈራችው በሽታው ተመለሰ። ግፊት ምሳውን ሊበላ ቤት ብቅ ባለበት ነው ያየው። ሻምበል ሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ዞሮ እንደገና ተቀመጠ። ሌላ ምልክት የለም፤ እንደ ወትሮው በልቷል፣ ጢሙም ቀጥ እንዳለ ነው። ግፊት አንድ ደንበኛ ቤት ወለሉን ከፍቶ የተወው ሥራ ነበረበት፤ ሥራ ከፍቶ ትቶ የማያውቅ ሰው ስልክ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀና ቅርጫቱን አንስቶ ከአማቱ ጋር ሄደ። ቶሎ በመድረሱ ልቡም ኩላሊቱም አልተነካም። ሐኪሟ እንደገና በቱቦ ከፈተችውና ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው።

ሦስተኛው መምጣቱ አይቀርም አለቻቸው። የወንድ ድመት የሽንት መውጫ ጫፉ ላይ ጠባብ ነው፤ የሚደፈነውም እዚያ ላይ ነው። ጠባቡን በቀዶ ሕክምና አስወግዶ በሰፊው በኩል እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። ከማደንዘዣው ላይነቃ ይችላል፣ በኋላም ቁስለት ቶሎ ቶሎ ሊይዘው ስለሚችል መከታተል አለ። ካልተደረገ ደግሞ አንድ ቀን ማንም ቤት በሌለበት ሊዘጋበት ነው።

አማትየው ቅርጫቱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ወንድነቱን ልትቆርጡት ነው ወይ አሉ። ሐኪሟ፣ እሱስ ገና ግልገል ሳለ ተኮላሽቶ የለም ወይ እማማ አለቻቸው። እሳቸውም ወደ ግፊት ዞሩ፤ ፊቱን በቀጥታ አዩት።

«ቧንቧ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ይህን ጥያቄ አማቱ ቢጠይቁት ብሎ ስንት ጊዜ ተመኝቷል። መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ጠባቡን ቆርጦ ሰፊውን መግጠም ነው፣ ልጅም ያውቀዋል። እጁ እንኳ መፍቻ እንደሚፈልግ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቆመ።

«ቧንቧ አይደለም እማማ» አለ። «ቧንቧ ባበላሽ ሌላ እገዛለሁ። አንድ ጊዜ እንደ ቧንቧ አይቼው ልገድልብዎ ነበር። እኔ አላውቅም። ሐኪሟ በሽታውን ታውቃለች፣ እርስዎ ሻምበልን ያውቃሉ። እርስዎ ያሉት ይሁን።»

ምናልባት አማትየው ያኔ ልብሳቸው አልጋ ላይ ተከምሮ ባዩ ቀን መስማት የፈለጉት ይህንኑ ነበር ይሆናል። ሐኪሟን፣ የራስሽ ድመት ቢሆን ታስደርጊዋለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ አለች። እንግዲያው ይሁን አሉ። ከዚያ ቅርጫቱን አንስተው ለግፊት ሰጡት። «እስኪያንቀላፋ አንተ ያዘው። ያንተን እጅ ለምዶታል።»

ያዘው። ድመቱ እስኪዝል ድረስ ያ ወፍራም፣ ጠባሳ የሞላበት እጅ ከነጭ ደረቱ ሥር አልተነሳም።

ሻምበል ነቃ። ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ የፕላስቲክ አንገትጌ ታሠረለት። ሥልጣኑን የተገፈፈ መኮንን መስሎ ከግድግዳ ግድግዳ ሲጋጭ ሰነበተ። አሸዋ ቁስሉ ላይ እንዳይጣበቅ በፈንታው የተቀደደ ጋዜጣ ሣጥኑ ውስጥ ተደረገለት። አንገትጌው የወለቀ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን አልፎ ሄደና፣ በር ጥግ የተቀመጠውን የግፊትን አዲስ ጫማ አሸተተ፣ ዞረ፣ እስኪበቃው ሸናበት። ሳያምጥ፣ ሳይጮህ፣ ባንድ ጊዜ።

አማትየው ከወንበራቸው ተነሱ። ግፊት አስቀድሞ ደርሶ ተንበርክኳል። ጫማውን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ ወደ ብርሃኑ ዘንበል አድርጎ ውስጡን አየ። ከሣጥኑ ውጭ መሽናቱ አሳስቦታል፤ ለሐኪሟ ደውሎ ሊጠይቅ ነው። ግን ብዙ ነበር፣ ደምም አይታይበትም። አማትየው መነጽራቸውን አድርገው እስቲ አምጣው አሉት። ትንሽ ደፈረስ አላለም ወይ አሉ። ከጫማው ቀለም ነው እንጂ የጠራ ነው አለ። ያንተ ዓይን የዝገት ውሃ ለምዶ ነው አሉት፤ ያዙት እንጂ፣ በዚህ በኩል ይዩት አላቸው።

ሚስቱ ከሥራ ስትገባ፣ ባሏና እናቷ በአንድ ጫማ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ሲከራከሩ አገኘቻቸው። ሻምበል አልነበረም፤ መሐላቸው የሚያልፍ ወሬ አጥቶ አልጋ ላይ ወጥቶ ተኝቷል።